አምስት ዶላር፦ የፉጋዚ ባንድ የመግቢያ ዋጋ ውሳኔና ከእሱ የወጣው አሠራር

ጉዳዩ የተመረጠበት ምክንያት

በሙዚቃ ሥራ የመግቢያ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚወሰን ነገር ነው። አዳራሹ ይከራያል፣ የድምፅ መሣሪያው ይመጣል፣ ፖስተሩ ይለጠፋል፣ የአዘጋጁ ትርፍ ይታሰባል፤ ወጪው ሁሉ ከተደመረ በኋላ ለሚጠበቀው ሰው ይካፈልና ቲኬቱ ላይ ቁጥር ይወጣል። በዋሽንግተን ዲሲ የተመሠረተው ፉጋዚ የተባለ የፓንክ ሮክ (ፈጣንና ቁጡ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ባንድ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። መግቢያው 5 ዶላር እንዲሆን አስቀድሞ ወሰነ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን ሁሉም ሰዎች እንዲገቡ ወሰነ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ፣ አዳራሹም፣ መጓጓዣውም፣ ማደሪያውም፣ ለእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች እንዲታዘዝ አደረገ። በዚህ አሠራር ከ1987 እስከ 2002 በአሜሪካ ሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶችና በሌሎች ብዙ አገሮች ከ1,000 በላይ ኮንሰርቶችን አቅርቧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የባንዱንና ሥራዎቹን ያሳተመውን የዲስኮርድን ስም የጠቀስሁት በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ነው። የግለሰቦቹን ስም ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስለ ፉጋዚ ሲወራ ንግግሩ ቶሎ ብሎ ወደ አንድ ሰው ጠባይና ጽናት ይዞራል፤ አሠራሩም የዚያ ሰው ልዩ ተሰጥኦ ተደርጎ ይቀራል። እኔ የማምነው ጉዳዩ በቁጥርና በደንብ ሊመረመር የሚችል፣ ሌላ ሰውም ሊሠራበት የሚችል አሠራር መሆኑን ነው።

ፓንክ ሮክ ለብዙ አማርኛ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በ2006 አልበም ያወጣው ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ነበር። የዲሲ ፓንክ የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክም ቢሆን የተያያዘው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በ1980ዎቹ አንድ በአንድ ከተከፈቱበት ከአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ጋር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወጣት ባንዶች ይጫወቱበት የነበረው የሠዓሊዎች ማኅበር ቤት የሚገኘው እዚያው 18ኛው ጎዳና ላይ ነበር።

መነሻው

ታሪኩ የሚጀምረው ከፉጋዚ በፊት ነው። በ1979 ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የዲሲ ወጣቶች ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ መሠረቱ። ባንዱ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980 መገባደጃ ላይ ፈረሰ። እስከዚያ ድረስ ከየኮንሰርቱ ያገኙትን ጥቂት ገንዘብ አልተከፋፈሉትም ነበር፤ በጋራ አስቀምጠውት ነበር። ሲለያዩ የተጠራቀመው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበርና ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ወይ ገንዘቡን ለአራት መካፈል፣ ወይ ሙዚቃቸውን በሸክላ ማስቀረት። ሁለተኛውን መረጡ። ስምንት ዘፈኖችን የያዘ ትንሽ ሸክላ በ1,000 ቅጂ አሳተሙ፤ ዲስኮርድ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ የተወለደውም በዚህ መንገድ ነው።

የሽፋኑ አሠራር በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። ወጣቶቹ የሸክላ ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ሸክላ ወስደው ሽፋኑን ከማጣበቂያው ፈቱት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቅርጹን ነደፉ፣ የራሳቸውን ሥዕልና ጽሑፍ በዚያ ልክ አሳተሙ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ ሸክላውን አንድ በአንድ አለበሱት። ይህ ሥራ የሚያምረው በእጅ በመሠራቱ ብቻ አይደለም። የአንድ ሸክላ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚደመር፣ ወረቀቱ ስንት፣ ማሳተሙ ስንት፣ ፖስታው ስንት እንደሆነ ገና በ18 እና በ19 ዓመታቸው በእጃቸው ነክተው አወቁት። በኋላ ማንም ሰው መጥቶ «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ሊላቸው ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከበር ላይ ነው። ቲን አይድልስ በ1980 በጋ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ክለብ ሲጫወት አባላቱ ለመጠጥ ዕድሜያቸው አልደረሰም ነበር። የክለቡ ሰዎች አልከለከሏቸውም፤ አስተናጋጁ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት ሣሉባቸው። ወጣቶቹ ይህን ዘዴ ይዘው ዲሲ ተመለሱና በዚያው ዓመት ለተከፈተው ለናይን ሰርቲ ክለብ አቀረቡት፦ ታዳጊዎችን አስገቡ፣ እጃቸው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ምልክት ያለበት ሰው አይጠጣም። ዘዴው ሠራ። ምልክቱ ኋላ ላይ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የማይነኩ ወጣቶች መለያ ሆኖ ዓለምን ቢዞርም መነሻው የበር ላይ መፍትሔ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማይነር ስሬት የተባለው ባንድ እስከ 1983 ቆይቶ ዲስኮርድን አሳወቀ። አሳታሚው ከ1981 ጀምሮ ከዲሲ ወንዙን ተሻግሮ በሚገኘው በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከባንዶች ጋር የጽሑፍ ውል አይፈራረምም፤ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ትርፉን ይካፈላል፤ የሚያሳትመውም የዋሽንግተን አካባቢ ባንዶችን ብቻ ነው።

ችግሩ

ፉጋዚ መስከረም 3 ቀን 1987 በዲሲ ዊልሰን ሴንተር በተባለ የማኅበረሰብ አዳራሽ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ሁኔታው ከ1980ው የከፋ ነበር።

በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ መጠጥ የመግዣ ዕድሜን ወደ 21 ከፍ ያላደረጉ ክፍለ ግዛቶች የመንገድ በጀት እንዲቀነስባቸው ስለደነገገ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሪቱ በሙሉ ወደ 21 ገባች። የአሜሪካ የሙዚቃ ክለብ የሚኖረው ከቲኬት ይልቅ ከመጠጥ ሽያጭ ነው። መጠጥ የማይገዛ ታዳጊ ለባለ ክለቡ ቦታ የሚይዝ ሰው ከመሆን አያልፍም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ከ21 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ በር ላይ መመለስ ቀለላቸው። የዚህ ሙዚቃ አድማጭ ደግሞ በብዛት ከ14 እስከ 20 ዓመት ያለ ልጅ ነበር።

ሌላው ችግር አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጠብ ነው። የዲሲ ፓንክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጣንና ቁጡ ነበር፤ ወጣቶች እየተገፋፉና እየተጋጩ የሚጨፍሩበት፣ ከመድረክ ላይ ወደ ሰው የሚዘልሉበት ልማድ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ግልጽ ድብድብ ተለውጦ ነበር። ሴቶችና አቅመ ደካማ የሆኑ ልጆች ወደ ኋላ እየተገፉ ግድግዳ ሥር ይቆሙ ነበር። ከፉጋዚ አባላት አንዱ የማይነር ስሬት ዘፋኝ የነበረ በመሆኑ ለጠብ የሚመጡት ልጆች አዲሱንም ባንድ ተከትለው መጡ። ሁሉንም ዕድሜ አስገባለሁ ያለ ባንድ የ14 ዓመት ልጅ አጥንት እንዳይሰበር ኃላፊነቱን አብሮ ይወስዳል።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሸክላ የሚያትመው ፋብሪካ ክፍያውን ቶሎ ይፈልጋል፤ ሸክላውን ለሱቆች የሚያከፋፍለው ድርጅት ግን ሸጦ የሚከፍለው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይከፍል ይፈርሳል። ዲስኮርድ በ1983 አካባቢ በዚህ ክፍተት ምክንያት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ሸክላው እየተፈለገ፣ እየተሸጠም፣ ቀጣዩን ለማሳተም ካዝናው ባዶ ሆነ። ትንንሽ አሳታሚዎች ተስፋ ቆርጠው ለትልልቅ ኩባንያዎች የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርሱ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ዋጋውን መቁረጥ ነበር፦ 5 ዶላር፣ ሁሉም ዕድሜ። በኋለኞቹ ዓመታት በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ከፍ ያለበት ጊዜ ቢኖርም መሠረቱ አልተናወጠም። በ1988 የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ ስለዚህ ከትምህርት በኋላ በሃምበርገር ቤት የሚሠራ ልጅ የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ከፍሎ ይገባ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ የተመረጠው አንድ ታዳጊ ቤተሰቡን ሳያስቸግር የሚከፍለው በመሆኑ ይመስለኛል፤ በዚያ ላይ አንድ ወረቀት ገንዘብ ነው፣ በር ላይ መልስ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ወደ ኋላ ይሄዳል። 800 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ቢሞላ የሚገኘው 4,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አይመጣም። ስለዚህ ከዚያ ገንዘብ ላይ የሚወስድ እያንዳንዱ ሰው መኖሩ አስፈላጊ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። ማናጀር አልቀጠሩም። ኮንሰርት የሚያስይዝላቸው ወኪል አልነበራቸውም፤ ከባንዱ አባላት አንዱ አርሊንግተን ካለው ቤት ስልክ እየደወለ ከየከተማው አዘጋጅ ጋር ዋጋውን፣ ዕድሜውንና ሰዓቱን ራሱ ይነጋገር ነበር። በቫን ይጓዙ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚያውቋቸው ሰዎች ቤት ወለል ላይ ያድሩ ነበር። ክለቡ ከ21 በታች አላስገባም ካለ ክለቡ ይተዋል፤ በምትኩ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ የጡረተኛ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል ይፈለጋል። እነዚህ ቦታዎች ኪራያቸው ርካሽ ነው፤ መጠጥ ስለማይሸጡም ዕድሜ አይጠይቁም። አንዱ ውሳኔ ሌላውን እንዴት እንደደገፈው እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ፖስተር አልሸጡም። ብዙ ባንዶች ኮንሰርት ላይ ከሚያገኙት ገቢ ዋናው ይህ ስለሆነ ይህ ውሳኔ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነበር። ባንዱ ግን የሚያቀርበው ሙዚቃ መሆኑን፣ ሌላ ዕቃ መሸከምም መሸጥም እንደማይፈልግ ይገልጽ ነበር። መጠጥና ሲጋራ በሚያስተዋውቁ ትልልቅ መጽሔቶች ላይ ቃለ መጠይቅ አልሰጡም፤ በወጣቶች ተባዝተው ለሚታደሉ ትንንሽ መጽሔቶች ግን በፈቃደኝነት ለረጅም ሰዓት ይቀመጡ ነበር።

በሸክላና በሲዲ ሽፋናቸው ላይ በፖስታ የሚታዘዝበትን ዋጋ አተሙ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ሸክላው ሱቅ ሲደርስ ባለሱቁ ከፍ ያለ ዋጋ ቢለጥፍበት ገዢው ሽፋኑን አገላብጦ «እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው» ይላል። ሱቁን የሚቆጣጠር ሠራተኛ ሳያስፈልግ ዋጋው ራሱን ይጠብቃል።

የገንዘቡን ክፍተት የሞላው ሳውዘርን የተባለው የለንደን ድርጅት ነበር። ሳውዘርን ለማሳተሚያው የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስቀድሞ ያወጣል፣ ሸክላውን ያሳትማል፣ በአውሮፓ ያከፋፍላል፣ ከሽያጩ ወጪውን መልሶ ቀሪውን ለዲስኮርድ ያስረክባል። ይህ በመተማመን የተሠራ ስምምነት ነበር። የዲስኮርድን ነፃነት የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ይህን ነጥብ በፍጥነት ሲያልፉት አያለሁ፤ ነገር ግን የሚታገሥ ገንዘብ ከጀርባ ባይኖር 5 ዶላሩም ሆነ የሸክላው ዋጋ አይቆምም ነበር።

ጠቡን በተመለከተ የወሰዱት እርምጃ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነው። ጡንቻማ ጠባቂዎችን መቅጠር ገንዘብ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ጠባቂው ራሱ ልጆችን ይመታል። ስለዚህ ጥበቃውን ራሳቸው ያዙት። አንድ ሰው ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲረግጥ ካዩ ሙዚቃውን መሐል ላይ ያቆሙታል። ዘፋኙ ማይክራፎኑን ይዞ ያንን ሰው በቀጥታ፣ «ጌታዬ» እያለ በጨዋ ቋንቋ ያናግረዋል፤ እንዲያቆም ይጠይቀዋል። ካላቆመ ከአዳራሹ ይወጣል፤ ሲወጣም የከፈለው 5 ዶላር በፖስታ ታሽጎ ይሰጠዋል። ለዚህ ሲባል 5 ዶላር የተከተተባቸው ፖስታዎች አስቀድመው ተዘጋጅተው ይቀመጡ ነበር። በዚህም የሚወጣው ሰው «ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» የሚለውን መከራከሪያ ያጣል፤ አዘጋጁም ከጭቅጭቅ ይድናል። ይህን ማድረግ የተቻለው ዋጋው ዝቅተኛና ለሁሉም አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው፤ 30 ዶላር መመለስ ለማንም ከባድ ነው።

ሌላም መንገድ ነበራቸው። በፊልም በተቀረጸ አንድ ኮንሰርት ላይ ሁለተኛው ዘፋኝ ሙዚቃውን አስቁሞ ሲደባደቡ ያያቸውን ልጆች ከኮንሰርቱ በፊት ከአይስክሬም መኪናው አጠገብ እንዳያቸው፣ እንደ ትናንሽ ልጆች አይስክሬማቸውን ሲበሉ እንደነበር፣ አሁን ጀግና መስለው መታየታቸው እንደማያስፈራው በመቶዎች ፊት ይነግራቸዋል። ሕዝቡ ሳቀ፤ ጠቡም የነበረውን ክብር በዚያው አጣ።

በገዛ ከተማቸው በዲሲ ደግሞ በአብዛኛው ለራሳቸው ትርፍ አይጫወቱም ነበር። ፖዚቲቭ ፎርስ ከተባለው በ1985 ከተቋቋመ የወጣቶች ቡድን ጋር በመተባበር ገቢውን ለነፃ ክሊኒኮች፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያዎችና ለመሰል ሥራዎች ይሰጡ ነበር፤ ወይም በፎርት ሪኖ መናፈሻ በነፃ ይጫወቱ ነበር። ጥር 12 ቀን 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት በላፋየት አደባባይ በብርድ ቆመው ተጫውተዋል።

የሠራው

በመጀመሪያ ደረጃ፣ አድማጩ አደገ። ርካሽ በር ያለው ኮንሰርት ያላወቀውን ሙዚቃ ለመሞከር የሚመጣ ሰው ያበዛል። ባንዱ ማስታወቂያ ሳያስነግርና ቪዲዮ ሳያሠራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዙ አዳራሾችን ይሞላ ነበር። በ1993 ያወጣው አልበም በዲስኮርድ ብቻ ታትሞ በአሜሪካ የአልበሞችን ደረጃ በሚያወጣው የቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። የአባላቱ ገቢ ከአንድ ኮንሰርት ትንሽ ቢሆንም ወኪልና ማናጀር የሚወስዱት ድርሻ ስለሌለ፣ የተገኘውንም እኩል ስለሚካፈሉ፣ አራቱም በሙዚቃው መኖር ቻሉ። ርካሽ ዋጋ ድህነት ማለት እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለኛል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዋጋው «አይሆንም» ለማለት አቅም ሰጣቸው። ከ1991 በኋላ ትልልቅ ኩባንያዎች የፓንክ ባንዶችን በእጥፍ ገንዘብ ሲያድኑ ለፉጋዚም ከፍተኛ ግብዣ ቀርቦለታል። ወጪው ትንሽ የሆነ ሰው ዕዳ የለበትም፤ ዕዳ የሌለበትን ሰው ደግሞ በገንዘብ ማስገደድ አይቻልም። በተመሳሳይ ጊዜ ከዲስኮርድ ባንዶች ጆቦክስ እና ሸደር ቱ ቲንክ ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች ሄዱ። ውል ስላልነበረ የሚያግዳቸው አልነበረም፤ በሰላም ተሸኙ፣ የቀድሞ ሥራዎቻቸውም በዲስኮርድ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ያልሠራው፣ ወይም በከፊል የሠራው

ጠቡ አልጠፋም። ሙዚቃን በየመሐሉ ማቆም በስተመጨረሻ ራሱ የትርኢቱ ክፍል ሆነ፤ ዘፋኙ እንዲናገራቸው ብለው ሆን ብለው የሚረብሹ ልጆች መጡ፤ ባንዱን «ሰባኪ» የሚል ስም ሰጡት። በጥሞና ሊያዳምጥ የመጣውም ሰው በየጊዜው ዘፈን ይቋረጥበት ነበር። ይህ ወጪ በገንዘብ አይለካም፤ ግን እውነተኛ ነው፤ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎችም በየምሽቱ ከፍለውታል።

የጉዞው ድካም የሙዚቃውን ጥራት ነክቷል። በ1988 የመጀመሪያውን ረጅም የአውሮፓ ጉዞ እንደጨረሱ በቀጥታ ለንደን ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት ሥራ ሙሉ አልበም እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ደክመው ስለነበር ውጤቱ አላረካቸውምና አጠር ያለ ሸክላ አድርገው አወጡት። ትርፉ ከብዙ ኮንሰርት የሚጠራቀም ሲሆን ብዙ መጓዝ ግድ ይላል፤ ብዙ የተጓዘ ሰው ደግሞ ለመፍጠር ዕረፍት ያጣል።

ቲሸርት አለመሸጣቸውም ገበያውን አልዘጋውም። ሌሎች ሰዎች ያለ ፈቃድ አትመው ሸጡ፤ እንዲያውም «ይህ የፉጋዚ ቲሸርት አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት በጣም ታዋቂ ሆነ። ከመርሕ አንጻር ባንዱ ንጹሕ ነው፤ ከውጤት አንጻር ግን ገንዘቡ ለማይመለከተው ሰው ሄዷል።

ዋጋው ቆሞ ሳለ ኑሮው መሄዱም አንድ ጥያቄ ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በ1991 ወደ 4 ዶላር ከ25፣ በ1997 ደግሞ ወደ 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም ከፍ ብሏል። በ1988 የሰዓት ተኩል ሥራ የነበረው መግቢያ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአንድ ሰዓት ሥራ በታች ሆነ ማለት ነው፤ ነዳጅና ኪራይ ግን ወደ ላይ ሄደዋል። ለአድማጩ በጎ ነው፤ ለአሠራሩ ግን በየዓመቱ የሚጠብ ልብስ ነው። ቁጥሩ የታማኝነት ምልክት ከሆነ በኋላ መጨመር እንደ ክህደት ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ከሰዓት ደመወዝ ጋር የተያያዘ ደንብ ቢኖር ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ድክመት ሥራው በአንድ ቤትና በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። ስልኩን የሚደውለው፣ ሒሳቡን የሚይዘው፣ መድረክ ላይ የሚዘፍነው፣ ጠብ የሚያበርደው ሰው ያው አንድ ሰው ሲሆን የሱ ድካም የአሠራሩ ሁሉ ድካም ይሆናል። አባላቱ ቤተሰብ ሲመሠርቱና ልጆች ሲወልዱ በዓመት ብዙ ወራት በመንገድ ላይ መሆን አልተቻለም። የመጨረሻውን ኮንሰርት ኅዳር 4 ቀን 2002 በለንደን አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ አቁመዋል። መፍረሳቸውን አስታውቀው አያውቁም፤ በሌሎች ባንዶች ግን መጫወታቸውን ቀጥለዋል።

ወደ ሌላ ሥራ ሊወሰድ የሚችለው

ዋጋን አስቀድሞ መወሰን የሚሠራው ወጪን የመቁረጥ ሥልጣን በእጁ ላለ ሰው ብቻ ነው። አዳራሹን፣ ድምፁን፣ ማስታወቂያውንና ዘፋኙን ሌላ ሰው በሌላ ዋጋ የወሰነለት አዘጋጅ ቲኬቱን 5 ዶላር ቢያደርግ ይከስራል። በመሆኑም ይህን መንገድ ለመከተል የሚያስብ ሰው ከቁጥሩ በፊት ዝርዝሩን ማውጣት አለበት፦ ከዚህ ገቢ ላይ የሚወስደው ማን ነው፣ የትኛውን ራሴ ልሠራው እችላለሁ፣ የትኛውስ ባይኖር አድማጩ ምን ያጣል?

ለወጣት አድማጭ በር መክፈት ከቦታ ምርጫ ይጀምራል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለወገኖቻችን ኮንሰርት የሚያሰናዱ ሰዎች ያው የ21 ዓመት ሕግ፣ ያው በመጠጥ የሚኖር ክለብ ያጋጥማቸዋል፤ ውጤቱም እዚያ ተወልደው ያደጉ ታዳጊዎች የወላጆቻቸውን ሙዚቃ በአካል ሳይሰሙ ማደጋቸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ለሠርግና ለስብሰባ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ የሚያልቅ፣ መጠጥ የሌለበት፣ አንድ ታዳጊ በኪሱ ባለው ገንዘብ የሚገባበት ኮንሰርት በዚያችው ከተማ ለ15 ዓመታት ሲሠራ ታይቷል።

ገንዘብ የመመለስ ደንብም ከዋጋው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ረባሽን ማስወጣት በየትም ያለ ችግር ነው፤ ልዩነቱ ያለው ደንቡ አስቀድሞ የተነገረና ገንዘቡ የተዘጋጀ በመሆኑ ላይ ነው። የሚያስወጣው ሰው በንዴት የሚወስን ከሆነ ደንቡ ከመጀመሪያው ምሽት በላይ አይዘልቅም።

የጽሑፍ ውል አለመኖር ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዲስኮርድ የሚያሳትማቸው ባንዶች አንድ ከተማ የሚኖሩ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሒሳቡን መጠየቅ የፈለገ ሰው በሩን አንኳኩቶ መጠየቅ ይችላል። በርቀት፣ በብዙ አገሮች በተበተኑ ሰዎች መካከል የሚሠራ ሥራ ይህን ሊደግመው አይችልም፤ ቢያንስ የትርፍ ክፍፍሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ሁለቱም ወገን ሊይዘው ይገባል።

በመጨረሻም የመዝገብ ጉዳይ አለ። የባንዱ የድምፅ ባለሙያዎች በጉዞ ላይ ሳሉ ኮንሰርቶቹን በካሴት፣ ኋላም በዲጂታል ቴፕ ይቀርጹ ነበር፤ ከ1,000 በላይ ከሆኑት ኮንሰርቶች ከ800 የሚበልጡት ተቀርጸው ተገኙ። ዲስኮርድ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ እነዚህን ቅጂዎች ከቀንና ከቦታ ጋር በኢንተርኔት ማቅረብ ጀመረ፤ በብዙዎቹም ላይ የመግቢያው ዋጋና የተገኘው ሰው ብዛት ተመዝግቧል። ሲጀመር የአንዱ ኮንሰርት ቅጂ የተጠቆመ ዋጋ 5 ዶላር ሲሆን ገዢው እንደ አቅሙ ከ1 እስከ 100 ዶላር መክፈል ይችል ነበር። ባንዱ ሥራ ካቆመ በኋላም አሠራሩን በቁጥር መመርመር የተቻለው በዚህ መዝገብ ነው፤ ካሴት አስገብቶ ቁልፉን የሚጫን ሰው በየምሽቱ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው የሰዎች ትዝታ ብቻ ነበር።